ስሊፕ ምንድን ነው? ላፕቶፑስ ተኝቶ ለምን ያንኮራፋል?

ድሬዳዋ ላይ ቀን መተኛት ነውር አይደለም። ስድስት ሰዓት አልፎ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትቆም ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል፣ ሰዉም ጋደም ይላል። አሸዋ ገበያ በዚያ ሰዓት ብታልፉ ሁለት ዓይነት ነጋዴ ታያላችሁ። አንደኛው ዕቃውን አይሰበስብም። ሸራ ጣል ያደርግበትና እዚያው ጎኑ ካርቶን ላይ ይጋደማል። ሌላኛው ዕቃውን መጋዘን አስገብቶ፣ ቆልፎ፣ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ቤቱ ይሄዳል።

ሁለቱም ተኝተዋል። ግን የመጀመሪያው ሲነቃ ሸራውን መግለጥ ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ሁለተኛው መልሶ መደርደር አለበት።

ኮምፒውተር ስሊፕ ሲያደርግ የመጀመሪያውን ነጋዴ ይሆናል። የከፈታችሁት ዎርድ፣ ሃያውም የክሮም ታብ፣ ሁሉም ራሙ ላይ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ እየሠራበት ያለውን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ቦታ ላይ፣ እንደተዘረጋ ይቆያል። ስክሪኑ ይጠፋል፣ ፕሮሰሰሩ ይጠፋል፣ ዲስኩ ይጠፋል። ለራሙ ብቻ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይቀርለታል። ይቺ ትንሽ ኤሌክትሪክ የግድ ናት። ራም የሚባለው ዕቃ በጣም ዝንጉ ነው፤ ኤሌክትሪክ እያለው እንኳ የያዘው ነገር እንዳይጠፋበት በየ64 ሚሊሰከንዱ መታደስ ይፈልጋል። ኤሌክትሪኩ ከተቋረጠ ሁሉን ረሳ ማለት ነው። ሸራውን ነፋስ ወሰደው፣ ዕቃውንም ጎርፍ።

መጋዘን የሚያስገባው ነጋዴ ደግሞ ሃይበርኔት ነው። ራሙ ላይ ያለው ሁሉ ወደ ዲስክ ተገልብጦ ይጻፍና ኮምፒውተሩ ጭራሽ ይጠፋል። ለሳምንት ብትተዉት፣ ባትሪ ብትነቅሉለት፣ መብራት አሥሬ ቢሄድ ግድ የለውም። ሲነሳ ግን ትንሽ ይቆያል።

ይህ አከፋፈል ስምና ቁጥር ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ ኤሲፒአይ የሚባል ደንብ አወጡ። በዚያ ደንብ መደበኛው ስሊፕ ኤስ3 ይባላል፣ ሃይበርኔት ኤስ4፣ ሙሉ በሙሉ መጥፋት ኤስ5። ቁጥሮቹን ያዙልኝ፣ በኋላ ስክሪን ላይ ታገኟቸዋላችሁ።

እስካሁን ያለው ቀላል ነው። ችግሩ ሦስተኛ ነጋዴ መምጣቱ ላይ ነው።

ይኼኛው ይጋደማል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ስልኩ ግን ደረቱ ላይ ነው። በጠራ ቁጥር ያነሳል፣ ዋጋ ይናገራል፣ መልሶ ይተኛል። ማይክሮሶፍት ይህን ነገር በዊንዶውስ 8 ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2012 ጀመረው። ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ስሙ ሞደርን ስታንድባይ ሆነ። ስታንድባይ ማለት በተጠንቀቅ ማለት ነው። በተጠንቀቅ የቆመ ወታደር ደግሞ፣ እንደምታውቁት፣ አልተኛም። ሐሳቡ ከስልክ የተወሰደ ነው፤ ስልካችሁ ስክሪኑ ጠፍቶም መልእክት ይቀበል የለ? ላፕቶፑም እንደዚያ ይሁን ተባለ። በደንቡ ቋንቋ ይህ ኤስ0 ነው፣ ማለትም የነቃ ኮምፒውተር ኃይል ቀንሶ። አሁን የሚወጡ ብዙ ላፕቶፖች ኤስ3 የሚባለውን እውነተኛ እንቅልፍ ጭራሽ አያውቁትም።

እኔ ይህን የተማርኩት በጉልበቴ ነው። በምሳሌ አይደለም፣ በራሱ በጉልበቴ።

አንድ የግንቦት ጠዋት ወደ ሐረር መሄድ ነበረብኝ። ማታውን ላፕቶፑ አፕዴት ሲያደርግ አምሽቷል። ጠዋት ባትሪው 92 በመቶ ነበር። ክዳኑን ዘጋሁ፣ ቦርሳ ውስጥ ከተትኩ፣ አባዱላ ውስጥ ገብቼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ደንገጎን ስንወጣ ጉልበቴን ሞቀኝ። ዳገት ነው፣ ሞተሩ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ሐረር ስንደርስ አየሩ ቀዝቀዝ አለ፤ ከድሬ ወደ 700 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ከተማ ነው። ቦርሳው ግን ገና እንደ ትኩስ ዳቦ ይሞቃል። አውጥቼ ስከፍተው ስክሪኑ ጥቁር ነው። ባትሪው አልቋል። ማራገቢያው ቦርሳ ውስጥ የሚተነፍሰው አጥቶ መንገዱን ሁሉ ሲያንኮራፋ መጥቷል ማለት ነው።

ከአፕዴቱ በፊት ይኸው ላፕቶፕ ይኸንኑ መንገድ ብዙ ጊዜ ተመላልሷል። ምን ተለወጠ?

ኮምፒውተር መተኛት በአንድ ትእዛዝ የሚያልቅ ነገር አይደለም፣ ስምምነት ነው። ዊንዶውሱ ለእያንዳንዱ ዕቃ ተራ በተራ ልንተኛ ነው ይላል። ለዋይፋዩ፣ ለድምፁ፣ ለቪዲዮ ካርዱ፣ ለማውሱ። የሚያነጋግራቸው በድራይቨሮቻቸው፣ ማለትም ዕቃውንና ዊንዶውሱን በሚያግባቡት ትናንሽ ፕሮግራሞች በኩል ነው። እያንዳንዱ ድራይቨር ያለበትን ሁኔታ መዝግቦ እሺ ማለት አለበት። አንዱ እሺ ካላለ እንቅልፍ የለም። አንዱ እሺ ብሎ ውስጥ ውስጡን ሥራውን ከቀጠለ ደግሞ እንደኔ ላፕቶፕ ይሆናል። አፕዴት ሲመጣ ዊንዶውሱ ይቀየራል፣ አንዳንዴም ድራይቨሮቹ በሌላ ይተካሉ። አዲሱ ድራይቨር የሚሠራ ይመስላል፣ ዋይፋዩም ይይዛል። መተኛት ግን አልለመደም። በዚያ ላይ አፕዴቱ አንዳንዴ እናንተ ድሮ ያስተካከላችሁትን ምርጫ መጀመሪያ ወደነበረበት ይመልሰዋል። ሰው የማይጠረጥረው ይህን ነው።

እንግዲህ ምን ይደረጋል? መጀመሪያ ሪስታርት። አትሳቁ። ሸት ዳውን አላልኩም፣ ሪስታርት ነው ያልኩት። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ፋስት ስታርትአፕ የሚባል ነገር አለ። ሸት ዳውን ስትሉ የዊንዶውሱን ልብ ሃይበርኔት አድርጎ ያቆየዋል፣ በማግስቱ ቶሎ እንዲነሳ። ስለዚህ አጥፍቶ ማብራት የትናንቱን ችግር ይዞ መነሳት ሊሆን ይችላል። ሪስታርት ግን ሁሉን ከዜሮ ያስነሳል። አፕዴቱ ግማሽ ላይ ቀርቶ ከነበረም ያልቅለታል።

ካልተሻለው፣ የእናንተ ማሽን የትኛው ነጋዴ እንደሆነ ጠይቁት። ይህን ትእዛዝ ሰፈራችን ኮፒ ቤት ላላት ሴትዮ በስልክ ያስጻፍኳት እንዲህ ነው።

«ስታርት ላይ ሲ፣ ኤም፣ ዲ ብለሽ ጻፊ። ጥቁር መስኮት ይመጣልሻል።»

«መጣ።»

«ፓወር ብለሽ በእንግሊዝኛ ጻፊ። ሳትለያዪ ሲ፣ ኤፍ፣ ጂ ጨምሪበት። ከዛ አንድ ስፔስ፣ ስላሽ፣ ከዛ ኤ። ኢንተር።»

«የቱ ስላሽ አቦ? ሁለት አለኮ!»

ወደ ቀኝ ያጋደለው፣ ከጥያቄ ምልክቱ ጋር አንድ ቁልፍ ላይ ያለው። የሚመጣው ዝርዝር ሁለት ክፍል አለው፤ ላይ ያሉት ማሽኑ የሚችላቸው የእንቅልፍ ዓይነቶች፣ ታች ያሉት የማይችላቸው ከነምክንያታቸው። ላይ ኤስ3 ካለ የድሮው ሸራ ጣይ ነው። ኤስ0 ካለ ስልኩን ደረቱ ላይ ያስቀመጠው ነው። ታች ላይ ምክንያቱ ግራፊክስ ከሆነ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አፕዴቱ የቪዲዮ ካርዱን ድራይቨር ጥሎ የማይክሮሶፍትን መናኛ ድራይቨር ተክሎበታል። በዚህ ጊዜ ስሊፕ የሚለው ምርጫ ከስታርት ሜኑው ላይ ራሱ ይጠፋል። ብዙ ሰው ስሊፕ ተሰረዘ ብሎ የሚደናገጠው በዚህ ነው። መፍትሔው ትክክለኛውን ድራይቨር ከአምራቹ ገጽ አውርዶ መጫን ነው።

ተኝቶ አልነቃ፣ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ የሚል ካለም ጥርጣሬው እዚያው ቪዲዮ ካርዱ ላይ ነው። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ፣ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ቢን አንድ ላይ ተጫኑ፤ የቪዲዮ ድራይቨሩን ያስነሳዋል። ስክሪኑ ከተመለሰ ዲቫይስ ማኔጀር (የኮምፒውተሩ ዕቃዎች ዝርዝር) ገብታችሁ ድራይቨሩን ሮልባክ በሉት፣ ማለትም ወደ ድሮው መልሱት። ቁልፉ ደብዝዞ አልጫን ካለ የድሮው ድራይቨር አልተቀመጠም፣ ያው ከአምራቹ ነው የሚገኘው።

አልተኛም ያለው ደግሞ ማን እንደከለከለው ይናገራል። ያንኑ ትእዛዝ ጻፉና ከስላሹ በኋላ በኤ ፈንታ ሪኩዌስትስ (requests) በሉ። ጥቁሩን መስኮት እንደ አድሚኒስትሬተር መክፈት ያስፈልጋል። ብዙውን ጊዜ ድምፅ የሚያጫውት ታብ ወይም የድምፅ ድራይቨር ስሙ ይወጣል።

የእኔን ያጋለጠው ስሊፕስተዲ (sleepstudy) የሚባለው ነው። አሁንም ያው ትእዛዝ፣ ያው ስላሽ። በተጠንቀቅ ለሚተኙ ማሽኖች የተሠራ ዘገባ ነው፤ በየእንቅልፉ ስንት ባትሪ እንደሄደና ማን ሲሠራ እንደነበር ይዘረዝራል። የኔ ላይ ከደንገጎ በፊት ጀምሮ አንድ ስም ብቻ ነበር፣ የዋይፋይ ካርዱ። የአምራቹን ድራይቨር መልሼ ስጭንበት ሰከነ።

እኔ ግን ከዚያ ወዲህ አላመንኩትም። ኮንትሮል ፓነል፣ ፓወር ኦፕሽንስ ገብቼ፣ ክዳኑን ስዘጋ ስሊፕ ሳይሆን ሃይበርኔት እንዲያደርግ አዘዝኩት። ሃይበርኔት ምርጫው ውስጥ ከሌለ በዚያው ጥቁር መስኮት፣ በአድሚኒስትሬተር፣ ከስላሹ በኋላ ኤች፣ ስፔስ፣ ኦን ብላችሁ ታበሩታላችሁ። ዲስክ ላይ የተወሰነ ጊጋ ይይዛል፣ ስከፍተውም ጥቂት ሰከንድ እጠብቃለሁ። ይሁን። የድሬ ሙቀት በግንቦት ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ የተዘጋ ቦርሳ ውስጥ የነቃ ላፕቶፕ መያዝ ባትሪን በእጅ መግደል ነው። ሬጅስትሪ፣ ማለትም የዊንዶውሱን የውስጥ መዝገብ፣ ነካክታችሁ ኤስ3ን መልሱ የሚሉም አሉ። ማሽኑ ከፋብሪካው ኤስ3 ከሌለው ተኝቶ ላይነሳ ይችላል፣ አልመክርም። ከዊንዶውስ 10 ወደ 11 ያሳደጋችሁ ከሆነ ግን በ10 ቀን ውስጥ ወደ ድሮው መመለሻ መንገድ ሴቲንግ ውስጥ አለ።

ወደ ኮፒ ቤቷ እንመለስ። የእሷ ዴስክቶፕ ነው፣ ችግሩም የተገላቢጦሽ። ማታ አስተኝታው ትሄዳለች፣ ጠዋት ስትመጣ በርቶ ታገኘዋለች። ከአፕዴቱ በፊት እንዲህ አያደርግም ነበር። ጎረቤቶቿ ጂን ነው አሏት፣ ግማሹ በቀልድ፣ ግማሹ እንጃ። ከስላሹ በኋላ ላስትዌክ (lastwake) አስባልኳት፤ ለመጨረሻ ጊዜ ማን እንደቀሰቀሰው የሚናገር ነው።

«ማውስ ይላል» አለችኝ።

ሄጄ አየሁት። ቬንትሌተሩ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ነው፣ ሌሊቱንም ሳይጠፋ ያድራል። አንገቱን በዞረ ቁጥር የማውሱን ገመድ ይነፋዋል፣ ማውሱም ትንሽ ይንቀሳቀሳል። ድሮ አንድ ሰው ማውሱ ኮምፒውተሩን እንዳይቀሰቅስ አድርጎት ነበር መሰለኝ፣ አፕዴቱ መልሶ ፈቀደለት። ዲቫይስ ማኔጀር፣ ማውሱ፣ ፓወር ማኔጅመንት፣ እዚያ ኮምፒውተሩን ይቀስቅስ የሚለውን ምልክት አነሳሁት። አለቀ።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ።

«አንተ! ምን አደረግከው? ማውሱን ባራግፈው ባራግፈው አይነቃም!»

«ኪቦርዱን ንኪው።»

ዝም አለች። ከዚያ የፕሪንተሩ ድምፅ ተሰማኝ።