የመደመርና የመቀነስ ቅደም ተከተል ምንድን ነው?

10 − 4 + 3 ስንት ነው? 9 ነው። ሰሞኑን ግን አንዱ «3 ነው፤ በቦድማስ መደመር ከመቀነስ ይቀድማል» ብሎ ሲከራከር አየሁ። ያጨበጨበለት ሰው ብዛት! እዚህ ደብረ ብርሃን ሒሳብ ሳስተምር ይቺን ነገር ያልሰማሁበት ዓመት የለም። ስለ ቅንፍና ስለ ማባዛት አላወራም፤ እሱን ታውቁታላችሁ።

ቦድማስ ከቅንፍ እስከ መቀነስ ያሉትን ስሌቶች በእንግሊዝኛ መነሻ ፊደላቸው የሚደረድር ማስታወሻ ነው እንጂ ሕግ አይደለም። ፊደላት በተራ ሲጻፉ አንዱ ከሌላው መቅደሙ የግድ ነው። በቦድማስ ማካፈል ከማባዛት በፊት ተጽፏል። አሜሪካኖች በሚጠቀሙበት ፔምዳስ ደግሞ ማባዛት ይቀድማል። የፊደሉ ተራ ሕግ ቢሆን ኖሮ 12 ÷ 2 × 3 እኛ ጋ 18፣ እነሱ ጋ 2 በሆነ ነበር። ሁለቱም ጋ 18 ነው። ማባዛትና ማካፈል እኩል ናቸው፤ መደመርና መቀነስም እንዲሁ። እኩዮች ሲገናኙ ከግራ ወደ ቀኝ ይሠራል።

እስከዚህ ድረስ ብዙ ሰው ይስማማል። የሚያናድደኝ ቀጥሎ የሚመጣው መልስ ነው፦ «መደመርን ማስቀደም ክልክል ነው!» ማን ከለከለ? 10 + 3 − 4 ብላችሁ ሥሩት፣ ያው 9 ነው። ሰውዬው 3 ያገኘው መደመርን ስላስቀደመ አይደለም። 3ን መደመር የነበረበት 10 ላይ ነው፤ እሱ 4 ላይ ደመረው። የመቀነስ ምልክቱ የ4 ብቻ ነበር፤ ለ3ም አደለው። ማንም ያልጻፈውን ቅንፍ ከኪሱ አውጥቶ 10 − (4 + 3) ሠራ።

ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት የሚሄድ ሚኒባስ አስቡ። 10 ሰው ጭኗል። የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ደብረ ሲና ሲደርስ «ወራጅ አለ!» ተባለና 4 ወረዱ። እልፍ ብሎ 3 ተሳፈሩ። ረዳቱ 9 ሰው ቆጥሮ ሒሳብ ይቀበላል። በሰውዬው ስሌት ግን መኪናው ውስጥ ያለው 3 ሰው ነው፤ የተሳፈሩትንም ወራጅ አድርጎ ቆጥሯቸዋላ! ወራጁ ወራጅ፣ ተሳፋሪው ተሳፋሪ ሆኖ እስከቆየ ድረስ ማን ይቅደም ማን ይከተል፣ መጨረሻ ላይ ቁጥሩ አይለወጥም።

መኪናው ውስጥ 3 ሰው ብቻ ቢኖርና ነገሩ 3 − 5 + 4 ቢሆንስ? ከ3 ሰው 5 አይወርድም። ስለዚህ መጀመሪያ 4ቱ ይሳፈሩ፤ 7 ይሆናሉ፤ 5 ሲወርዱ 2 ይቀራሉ። ነጌቲቭ ቁጥር ገና ያልተማረ ልጅ እንዲህ ቢሠራ ልክ ነው፤ መምህራን፣ እባካችሁ ቀይ እስክሪብቶ አታንሱበት። የተማረው ደግሞ −2 ላይ ይደርስና 4 ደምሮ ያው 2 ያገኛል። ሰው አሳፍሮ ወንበር ሲያልቅ ትራፊክ ያስቆማል ትሉኝ ይሆናል። ወረቀት ላይ ትራፊክ የለም። ኮምፒውተር ላይ ግን አለ፤ ቁጥሩ ከተመደበለት ቦታ በላይ ከሆነ መሃል ላይ ይበላሻል። ማለቂያ የሌለው ድምር ላይ ደግሞ ተራ መቀያየር ውጤቱን ሊለውጥ ይችላል። ግን እሱ የዩኒቨርሲቲ ጣጣ ነው።

ክፍል ውስጥ የማሠራው ቀላል ነው። ተማሪው እያንዳንዱን ቁጥር በግራው ካለው ምልክት ጋር አንድ ላይ ያከባል። መጀመሪያ ላይ ምልክት የሌለው ቁጥር ተደማሪ ነው። ከዚያ እንደፈለገ ያቀያይር። «10 − 4 = 6 + 3 = 9» ብሎ ከጻፈ ግን ነጥብ እቀንሳለሁ፤ 10 − 4 መቼ ነው ከ6 + 3 ጋር እኩል የሆነው?

«መደመር ይቀድማል» ባዩን ደግሞ 10 − 4 − 3 ስጡት። ትክክለኛው መልስ 3 ነው። 4 − 3 = 1፣ 10 − 1 = 9 የሚሉ ተማሪዎች በየዓመቱ አሉ። ስህተታቸው ከሰውዬው ስህተት ጋር አንድ ነው፤ የሌላውን ምልክት ወስዶ ያልተጻፈ ቅንፍ ማስገባት። እዚህ ላይ ግን የሚቀድም መደመር የታለ?