አባሪ 2 ላይ የሰፈረ ኦርኪድ ተከልክሏል ማለት ነውን?

ከጎንደር ዙሪያ ደኖች ኦርኪድ ነቅሎ ወደ ውጭ መላክ ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም የሚለው ጥያቄ ብዙ ሰው የሚያደናግረው፣ በዱር እንስሳትና ዕፅዋት ዓለም አቀፍ ንግድ ላይ የሚደነግገው ሳይተስ የተባለው ስምምነት ዝርያዎችን በተለያዩ አባሪዎች ስለሚመድብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የተፈረመው ይህ ስምምነት ጥቂት የኦርኪድ ዝርያዎችን ጥብቅ ክልከላ ባለበት በአባሪ 1፣ የቀሩትን በሺዎች የሚቆጠሩ ዝርያዎች ሁሉ ደግሞ በአባሪ 2 አስፍሯል። አባሪ 2 ንግድን አያግድም፤ ሆኖም ተክሉ ድንበር ከመሻገሩ በፊት ላኪው አገር ፈቃድ መስጠት አለበት፤ ፈቃዱም የሚሰጠው ተክሉ በሕጋዊ መንገድ መገኘቱና ንግዱ የዝርያውን ህልውና የማይጎዳ መሆኑ ሲረጋገጥ ብቻ ነው። በሰው እጅ ከተባዛ ተክል የተቆረጠ አበባ ከዚህ ግዴታ ነጻ ነው።

ስምምነቱ የሚመለከተው ድንበር ተሻጋሪ ንግድን ነው። አንድ ሰው ከደብር ደን ነቅሎ እዚያው ከተማ ገበያ ላይ ቢሸጥ፣ ጉዳዩ የሚታየው በአገሪቱ ሕግ ነው። ይህ በእጅጉ ያሳስበኛል፤ የኦርኪድ ዘር እንደ ዱቄት የደቀቀና የራሱ ስንቅ የሌለው በመሆኑ፣ በዱር ለመብቀል ውስጡ ገብቶ የሚመግበው ፈንገስ ያስፈልገዋልና። አንድ እናት ተክል ሲነቀል ምትኩ በቀላሉ አይገኝም። ብርቅ ዝርያ ያገኘ ሰው ፎቶግራፉን ለዕፅዋት ባለሙያ ቢያሳይ መልካም ነው፤ ትክክለኛ ቦታውን ግን በአደባባይ አይለጥፍ፤ ነቃዮች በዚያው ሊደርሱበት ይችላሉና።