«በአዋጅ ቁጥር 97/90 በተሰጠው ሥልጣን» ሲባል

በጋዜጣ ላይ በሚወጣ የባንክ የሐራጅ ማስታወቂያ ይህችን ሐረግ የሚያነብ ብዙ ሰው ፍርድ ቤት የወሰነው ይመስለዋል። አይደለም። በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ፣ ባንኩና ቤቱን ያስያዘው ሰው በመያዣ ውሉ እስከተስማሙ ድረስ፣ ብድሩ በጊዜው ካልተከፈለ ባንኩ ሳይከስና ዳኛ ፊት ሳይቆም ቤቱን ራሱ በሐራጅ እንዲሸጥ ይፈቅዳል። ለባለዕዳው ግን የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። በሁለተኛውም ጨረታ ገዢ ከጠፋ ቤቱን ለራሱ መውሰድ ይችላል።

የማስታወቂያውን ሠንጠረዥ ደግሞ ልብ በሉ። «የተበዳሪው ስም» እና «የንብረት አስያዥ ስም» የሚሉ ሁለት ዓምዶች አሉት። ስሞቹ ከተለያዩ፣ ሁለተኛው ሰው ለወንድሙ ወይም ለወዳጁ ንግድ ብሎ ካርታውን ያስያዘ ነው። ከብድሩ አምስት ሳንቲም ሳይነካ ቤቱ ይሸጥበታል።

ታዲያ ባለቤቱ ከባንኩ ጋር የሚከራከረው በምን ላይ ነው? ባንኩ ሐራጁን በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ መሠረት ማካሄድ አለበት፤ ጥሶ ባለዕዳውን ከጎዳ ኃላፊ ነው። ስለዚህ ባለቤቱ «ማስጠንቀቂያው አልደረሰኝም»፣ «ጨረታው በሥርዓቱ አልወጣም» ብሎ ካሣ ይጠይቃል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ሚዛኑ ወደ ባንኩ ያደላል፤ ካሣው ቢፈረድም ቤቱ በዚያን ጊዜ የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።