ስለ ፓርኪንሰንና ስለ አእምሮ ሕመም መድኃኒቶች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደሴም ሆነ ሐይቅ፣ ኮምቦልቻም ሆነ ወረኢሉ፣ የአንድ አዛውንት እጅ ሲንቀጠቀጥ «እርጅና ነው» ይባላል፤ ወጣት ብቻውን ሲያወራ ደግሞ «ለክፎት ነው»። ለሁለቱም መድኃኒት አለ። ብዙዎችን ሕክምና የሚያስጥላቸው ስለ መድኃኒቶቹ የሚወራው ወሬ ነው።

«መንቀጥቀጡ የዕድሜ ነው፤ ክኒን ምን ይፈይድለታል?»

ዕድሜ አንድ እጅ ለይቶ አያንቀጠቅጥም። ፓርኪንሰን የሚመጣው ዶፓሚን የተባለውን ኬሚካል የሚያመነጩ የአንጎል ሴሎች ሲሞቱ ነው፤ እንቅስቃሴን የሚያቀላጥፈው ዶፓሚን ነውና። ስዊድናዊው ተመራማሪ አርቪድ ካርልሰን በ1957 እ.ኤ.አ. ዶፓሚናቸው ተሟጦ ፈዘው የቀሩ እንስሳት ሌቮዶፓ የተባለው መድኃኒት ሲሰጣቸው እንደሚነቁ አሳየ፤ በ2000 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸለመ። ዶፓሚን ራሱ ቢዋጥ ከደም ወደ አንጎል አይገባም። ሌቮዶፓ ግን ይገባል፤ እዚያም ወደ ዶፓሚን ይለወጣል። አብሮት የሚሰጠው ካርቢዶፓ አንጎል ሳይደርስ እንዳይለወጥ ይጠብቀዋል። በሽታውን ከሥሩ አይነቅለውም፤ አባት ግን የሸሚዛቸውን ቁልፍ ራሳቸው ይቆልፋሉ፣ ቡናቸውን ሳያፈሱ ይጠጣሉ። ይህን እንደ ትንሽ ነገር አልቆጥረውም።

«አልሠራላቸውም»

መጀመሪያ የሚዋጥበት ሰዓት ይታይ። የሥጋ፣ የወተትና የሽሮ ፕሮቲን ከሌቮዶፓ ጋር ይሻማል። ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት ወይም አንድ ሰዓት በኋላ ሲዋጥ ይሻላል። ባቄላ ውስጥ ሌቮዶፓ መኖሩም እውነት ነው፤ መጠኑ ስለሚለያይ ግን ክኒኑን አይተካም።

«የአእምሮ መድኃኒት ሰው ያደርቃል፤ መርዝ ነው»

ሃሎፔሪዶል፣ ክሎርፕሮማዚንና በየጊዜው በመርፌ የሚሰጠው ፍሉፈናዚን የዶፓሚን መቀበያዎችን ይዘጋሉ። በዚህም የሌለ ድምፅ መስማትና ከልክ ያለፈ ጥርጣሬ ይበርዳሉ። ችግሩ፣ እንቅስቃሴን የሚመራው የአንጎል ክፍልም አብሮ ይነካል። ያኔ ሰውነት ይገተራል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ለሃጭ ይዝረከረካል። ይህ ልክፍት አይደለም፤ ሐኪሙ መጠኑን ሲቀንስ፣ መድኃኒቱን ሲቀይር ወይም ትራይሄክሲፈኒዲል ሲጨምርበት አብዛኛውን ጊዜ ይሻላል። ክኒኑን ከመጣል በፊት ለሐኪም መናገር ይቀድማል።

«ልጁም በአእምሮ መድኃኒቱ ከተንቀጠቀጠ የአባቱን የፓርኪንሰን ክኒን ይሞክር»

በፍጹም! አንዱ መድኃኒት ዶፓሚን ይጨምራል፣ ሌላው ሥራውን ይገታል። ሌቮዶፓ የልጁን ቅዠት ሊያባብስ ይችላል፤ ሃሎፔሪዶል ደግሞ አባትየውን ከአልጋ ሊያውላቸው ይችላል። ማስታወክን ለማስቆም የሚሰጠው ፕላሲልም (ሜቶክሎፕራሚድ) ዶፓሚንን ስለሚገታ ለፓርኪንሰን ታማሚ አይሆንም። ፋርማሲ ሲገቡ «ፓርኪንሰን አለብኝ» ማለት ይልመድ።

«ጸበል ወይም ዱዓ ከተጀመረ መድኃኒት ይቁም»

ጸበሉም ዱዓውም ክኒን አይከለክልም። ግሸን የሚወጣ ታማሚ ክኒኑን በነጠላው ጫፍ ቋጥሮ ይውጣ፤ ረመዳንን የሚጾም ደግሞ አስቀድሞ ሐኪሙን ስለ ሰዓቱ ያማክር። ሌቮዶፓ በድንገት ሲቋረጥ ለሕይወት የሚያሰጋ መገታተርና ትኩሳት ሊመጣ ይችላል። የአእምሮ ሕመም ግን ብዙ ጊዜ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ነው የሚያገረሸው፤ «ትቶት ደህና ሆነ» የሚያሰኘውም ይህ መዘግየት ነው።

«የድብርት ክኒን ሱስ ያስይዛል»

ፍሉኦክሰቲን እንደ ጫት አያስይዝም፤ ለውጡ እስኪታይ ግን ሳምንታት ይወስዳል።

ጫትን ካነሳን፣ በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ዶፓሚን ያስለቅቃል። ከሰዓት ቅሞ ማታ ክኒን የሚውጥ ወጣት መድኃኒቱን ራሱ እያፈረሰ ነው። ቤተሰብ ይህን ለሐኪሙ ሳይደብቅ ይንገር፤ ዱዓ ላይ የሚቀመጥም ከሆነ ሳይቅም ይቀመጥ።