«የሆብሰን ምርጫ»፦ ለበሩ የቀረበውን ፈረስ ውሰድ፣ አለዚያ ተወው

እንግሊዞች «ሆብሰንስ ቾይስ» የሚሉት አባባል አላቸው፤ የሆብሰን ምርጫ እንደማለት ነው። ምርጫ ይባል እንጂ የሚመረጥ ነገር የለውም። የቀረበውን መውሰድ፣ ካልሆነም ባዶ እጅን መሄድ ነው። የምሳ ሰዓት አልፎ ምግብ ቤት የገባ ሰው አስተናጋጇ «ያለን ሽሮ ብቻ ነው» ካለችው የሆብሰን ምርጫ ደርሶታል።

ሆብሰን በእውን የኖረ ሰው ነው። ሙሉ ስሙ ቶማስ ሆብሰን ነው። በ1544 ዓ.ም. ገደማ ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፤ ኑሮውም ካምብሪጅ ከተማ ነበር። ዋና ሥራው ማመላለስ ነው። ደብዳቤውን፣ ዕቃውን፣ ሰውንም ጭኖ ከካምብሪጅ ለንደን ይወስዳል፣ ይመልሳል። ጎን ለጎን ደግሞ ፈረስ ያከራያል። ከደንበኞቹ ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ነበሩ።

ተማሪ ያው ተማሪ ነው። የመጣው ሁሉ ፈጣኑን ፈረስ ይፈልጋል። ሲጋልበው ውሎ ላብ በላብ አድርጎ ይመልሰዋል። ፈረሱ ገና ሳያርፍ ሌላው መጥቶ «ያንን ስጠኝ» ይላል። በዚህ ዓይነት ጎበዙ ፈረስ በሥራ ያልቃል፣ ሰነፉ ጋጣው ውስጥ ቆሞ ይወፍራል።

ስለዚህ ሆብሰን አንድ ደንብ አወጣ። ከመንገድ የተመለሰ ፈረስ ከኋላ ይሰለፋል። ለበሩ የቀረበው በደንብ ያረፈውና ተራው የደረሰው ነው። ደንበኛው ተማሪም ይሁን ጌታ የሚወስደው እሱኑ ነው። አልፈልግም ካለ መንገዱ ጨርቅ ያድርግለት። ታክሲ ተራ ቆሞ ለሚያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ይህ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። ከኋላ የቆመው ሚኒባስ አዲስና ንጹሕ ቢሆንም፣ ተራ አስከባሪው የሚያስገባው ፊት ለፊት ወዳለው ነው።

እኔ ሆብሰን ተበድሏል ባይ ነኝ። ዛሬ ስሙ የሚነሳው ሰው አማራጭ ሲያጣና ሲማረር ነው። ታሪኩን በሰፊው ያስወራው «ስፔክቴተር» የተባለው የለንደን ጋዜጣ ግን በ1712 ሲጽፍ እያመሰገነው ነበር። በጋጣው 40 ፈረስ ለጉዞ ዝግጁ አድርጎ ያኖር እንደነበር ይተርካል። ደንበኛው ሁሉ እንደ ዕድሉ እኩል ይስተናገዳል፣ ፈረሱም ሁሉ እኩል ይሠራል ይላል። ፈረሶቹን ብንጠይቃቸው ምርጥ አለቃ ነበር ሳይሉ አይቀሩም።

በዘመኑም ንፉግ ተብሎ አልታወቀም። ከምንጭ ወደ ካምብሪጅ ንጹሕ ውኃ የሚያመጣው ቦይ በ1614 ሲጠናቀቅ ገንዘብ ከሰጡት አንዱ እሱ ነበር። ቦዩ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ዕድሜው 80ዎቹን ካለፈ በኋላም መንገዱን አልተወም። ያስቆመው ቸነፈር ነው። በ1630 በሽታው ካምብሪጅ ሲገባ ወደ ለንደን መመላለስ ተከለከለ። ሆብሰን ቤት ዋለ፣ ታመመ፣ በ1631 መባቻ ላይ ሞተ። ያኔ እዚያው ካምብሪጅ ይማር የነበረው ገጣሚው ጆን ሚልተን ሁለት ቀልድ የተቀላቀለባቸው የኀዘን ግጥሞች ጻፈለት። በአንደኛው የሚለው እንዲህ ነው፦ ሞት ይህንን ሰው ለዓመታት ሲያሳድደው ቆየ፤ ነገር ግን ሁልጊዜ መንገድ ላይ ስለሆነ ሊይዘው አልቻለም። ቤቱ ቁጭ ሲል ግን በቀላሉ አገኘው። ለአንድ ፈረስ አከራይ ከሚልተን ሁለት ግጥም ቀላል ክብር አይደለም።

አባባሉ በጽሑፍ የተገኘው ሆብሰን ከሞተ ወደ 30 ዓመት ቆይቶ፣ በ1660 ነው። ሳሙኤል ፊሸር የተባለ የሃይማኖት ሰው በመጽሐፉ ሲጠቅሰው «ምሳሌው እንደሚለው» ብሎ ነው። ስለዚህ ያኔም በሰው አፍ የቆየ ነገር ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ስሕተቱ እንምጣ። ብዙ ሰው አባባሉን ከሁለት መጥፎ ነገሮች አንዱን መምረጥ ሲያቅተው ይጠቀምበታል። የተማሩትም አይቀሩ። በ1983 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ባይረን ኋይት በአንድ የልዩነት ሐሳባቸው ላይ ምክር ቤቱ «የሆብሰን ምርጫ» ገጠመው ብለው ጻፉ፤ ቀጥለውም «ወይ ይህ፣ ወይ ያ» እያሉ ሁለት መንገድ ዘረዘሩ። ሆብሰን ቢሰማ ይስቅ ነበር። እሱ ጋር ሁለት ፈረስ አይቀርብም፣ ያለው አንድ ፈረስ ወይም በእግር መሄድ ነው።

ሁለቱም መንገድ ወደ ገደል ለሚወስድበት ጊዜ እንግሊዝኛ ሌላ አባባል አለው፤ «የሞርተን ሹካ» ይባላል። ጆን ሞርተን የንጉሥ ሄንሪ ሰባተኛ ሹም ነበር። ግብር ሲሰበሰብ ተንደላቆ የሚኖረውን «ገንዘብ እንዳለህ ይታያል፣ ክፈል» ይለዋል፤ ቆጥቦ የሚኖረውን ደግሞ «ያጠራቀምከው አለ፣ ክፈል» ይለዋል ተብሎ ይወራበታል። እንዲህም አሉ እንዲያ፣ ሹካው ይወጋል።

የሆብሰንን ስልት በመኪና የደገመው ሄንሪ ፎርድ ነው። «ጥቁር እስከሆነ ድረስ ደንበኛ የፈለገውን ቀለም ማግኘት ይችላል» የሚለው ቃሉ ለአባባሉ ጥሩ ማሳያ ነው። በእርግጥ ሞዴል ቲ የተባለው የፎርድ መኪና መጀመሪያ በሌላ ቀለምም ይሸጥ ነበር፤ ጥቁር ብቻ የሆነው ከ1914 እስከ 1925 ባለው ጊዜ ነው።

በምሥራቅ ለንደን ሰፈሮች ደግሞ ስሙ ሌላ ሥራ ይዟል። የሰፈሩ ሰዎች አንድን ቃል ቤት በሚመታ ሌላ ቃል እየተኩ መነጋገር ይወዳሉ። «ቾይስ» ከ«ቮይስ» ጋር ቤት ይመታል፣ «ቮይስ» ደግሞ ድምፅ ነው። ስለዚህ አንዱ የምሥራቅ ለንደን ሰው «ሆብሰንሴ ጠፋብኝ» ቢል ጉሮሮው ዘግቶበት እንጂ ምርጫ አጥቶ አይደለም።