ብራውንፊልድ ማለት የተመረዘ መሬት ማለት ነው እንዴ?

ብዙ ሰው ብራውንፊልድ ሲባል የግድ የተመረዘ መሬት ይመስለዋል፣ ግን እንደዛ አይደለም፤ በአሜሪካ እ.ኤ.አ በ2002 በወጣው ህግ ብክለት ሊኖር ይችላል የሚለው ስጋት መሬቱን መልሶ ለመጠቀም ካስቸገረ ብራውንፊልድ ለመባል በቂ ነው፣ ስለዚህ የተዘጋ ፋብሪካ ግቢ አፈሩ ሳይመረመርም ብራውንፊልድ ሊባል ይችላል።

እንዲህ ያለውን መሬት "ማጽዳት" የሚለውም ያምታታል፣ የግድ አፈሩን በሙሉ ዝቆ መጣል ማለት አይደለም። ጀርመን ዱይስቡርግ ያለውን ፓርክ እዩት፣ እ.ኤ.አ በ1985 የተዘጋ የብረት ማቅለጫ ነበር፣ ክፉኛ የተበከለውን አፈር እዛው በድሮው የማዕድን ማከማቻ ውስጥ ቀብረው አሸጉት፣ ሌላው ቦታ ላይ ዛፍና ሳሩ ራሱ እንዲበቅል ተዉት፣ የጋዝ ማጠራቀሚያውን ደግሞ ውሃ ሞልተውት ዛሬ ዳይቪንግ ይሰራበታል! እኔን በጣም ደስ የሚለኝ ምድጃዎቹን አለማፍረሳቸው ነው፣ እዛ ሲሰራ የኖረ አባት የልጅ ልጁን ይዞ ገብቶ "እዚህ ጋ ነበር የምሰራው" ብሎ በጣቱ ማሳየት ይችላል።