ሞተር እየጋለ ሂተሩ ቀዝቃዛ ሲነፍስ ምንድን ነው?

የሙቀት ጌጁ ወደ ቀዩ እየወጣ ነው። ሂተሩን ስትከፍቱት ግን ቀዝቃዛ አየር ይነፍሳል። ሞተሩ ይህን ያህል ከጋለ ሙቀቱ የት ገባ? አብዛኛውን ጊዜ ሙቀቱን ተሸክሞ የሚዞረው ውሃ ጎድሏል፤ ካልሆነም መዞር አቁሟል።

የቤንዚንና የናፍጣ መኪና ሂተር ሙቀቱን የሚያገኘው ከሞተሩ ነው። ከዳሽቦርዱ ኋላ አንድ ትንሽ ራዲያተር አለ። ሞተር ውስጥ የጋለው ውሃ በሁለት ቀጫጭን የጎማ ቱቦዎች ይመላለስበታል፤ ማራገቢያው ሙቀቱን ወደ ውስጥ ይነፋል። በብዙ መኪኖች ይህ ራዲያተር ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ውሃ ሲጎድል ቶሎ አየር የሚሞላው እሱ ነው።

ሞተር ሞቀ ሲባል ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚከሰሰው ቴርሞስታት ነው፤ ሞተሩ ሲሞቅ ተከፍቶ ውሃውን ወደ ፊተኛው ዋና ራዲያተር የሚያሳልፈው በር ማለት ነው። አውጥቶ የሚጥለውም አለ። እኔ ይህን አልወደውም። በብዙ መኪኖች ቴርሞስታቱ ቢዘጋም ወደ ሂተር የሚሄደው መስመር ክፍት ነው። ስለዚህ ቴርሞስታት ተዘግቶ ሲቀር፣ ወይም የዋናው ራዲያተር ማራገቢያ ሲቆም፣ ሞተሩም ይግላል ሂተሩም በደንብ ይሞቃል። ሂተሩ ከቀዘቀዘ ግን መጀመሪያ ውሃውን እዩ።

ከሁሉ በፊት መኪናውን ዳር አስይዙና ሞተሩን አጥፉ። የራዲያተሩን ክዳን እንዳትነኩ! አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,350 ሜትር ገደማ ስለሆነ ድስት ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሞተር በደህናው ቀንም ቢሆን 90 ዲግሪ ገደማና ከዚያ በላይ ይሠራል። ውሃው እንዳይፈላ የያዘው ክዳኑ ያመቀው ግፊት ነው። ስትከፍቱት ፈልቶ ፊት ላይ ይገነፍላል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመርም ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ሊያጣምም ወይም ሊሰነጥቅ ይችላል።

በደንብ ሲቀዘቅዝ ዋናውን ራዲያተር ከፍታችሁ እዩ። የፕላስቲኩ የውሃ መጠባበቂያ ብቻውን አይታመንም፤ እሱ ሙሉ ሆኖ ራዲያተሩ ባዶ ሊሆን ይችላል። ከጎደለ የት እንደሄደ ፈልጉ፦ ጎማዎቹን፣ የውሃ ፓምፑን ሥር፣ የፊት ተሳፋሪውን ምንጣፍ። ምንጣፉ ረጥቦ መስታወቱም በቅባታማ ጉም የሚሸፈን ከሆነ የሚያፈሰው የሂተሩ ራዲያተር ነው ብላችሁ ጠርጥሩ።

ውሃው ሙሉ ከሆነ ሞተሩ ሲሞቅ ወደ ሂተር የሚገቡትን ሁለት ጎማዎች በጥንቃቄ ዳስሱ። ሁለቱም ከጋሉ ውሃው እየዞረ ነው፤ የሂተሩ ችግር አየሩን የሚመራው በር ላይ ነው፣ የሞተሩ መጋል ደግሞ ሌላ ምክንያት አለው። አንዱ ግሎ አንዱ ከቀዘቀዘ የሂተሩ ራዲያተር ተደፍኗል ወይም አየር ይዟል። ኩላንት (ዝገት የሚከላከል የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ትቶ ለዓመታት የቧንቧ ውሃ ብቻ የሚጠጣ መኪና ዝገቱ እዚያ ይጠራቀማል። ሁለቱም ከቀዘቀዙ ፓምፑን ጠርጥሩ። ቺንጋው (ፓምፑን የሚያዞረው ቀበቶ) እያዞረው እንኳ ውስጡ ያለው መቅዘፊያ ተበልቶ ወይም ተሰብሮ ሊሆን ይችላል። ነዳጅ ስትሰጡ ብቻ የሚሞቅ ሂተርም ውሃ መጉደሉን ወይም ፓምፑ መድከሙን ይናገራል።

አየር ከገባ ማስወጣት ያስፈልጋል። በቀዝቃዛ ሞተር፣ የመኪናውን አፍንጫ ከፍ አድርጎ፣ ሂተሩን በሙሉ ሙቀት ከፍቶ፣ ውሃ እየጨመሩ አረፋው እስኪያቆም ድረስ ማስነሳት ነው። አንዳንድ ሞተር ለዚሁ የተሠራ የማስተንፈሻ ቡሎን አለው።

አረፋው አላቆም ካለ፣ ወይም በጠዋት ሞተሩ ገና ሳይሞቅ የራዲያተሩ ጎማ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ፣ የቴስታታው ጋስኬት (ከሥሩ ያለው ማሸጊያ) ተበልቶ የቃጠሎ ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ሊሆን ይችላል። ጋራዥ ውስጥ ይህን የሚለይ ፈሳሽ አለ፤ በቤንዚን መኪና ጋዙ ሲነካው ከሰማያዊ ወደ ቢጫ ይለወጣል። እስኪመረመር ድረስ መኪናው ይጎተት እንጂ አይነዳ።